የጣሊያን ቅኝ ግዛቶች ጉዳይ ለምን ያን ያህል ዓመት ተንጠለጠለ?

ጥያቄ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ፣ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ኢትዮጵያ አንድ ወገን ነበሩ። ጣሊያን ተሸንፋለች። ታዲያ የኤርትራ፣ የሶማሊያና የሊቢያ ጉዳይ ለምን ወዲያው አልተወሰነም? እንግሊዝ ወዳጃችን ከነበረች ኦጋዴንን ለምን ይዛ ቆየች? የጣሊያኑ የጦር አዛዥ ባዶሊዮስ ያን ሁሉ ግፍ ፈጽሞ ለምን ለፍርድ አልቀረበም?

ምላሽ፦ ሦስት ጥያቄ ይመስላል እንጂ ሥሩ አንድ ነው። አሸናፊዎቹ መንግሥታት ስለነዚህ አገሮች ሲደራደሩ ልባቸው ያለው ሌላ ቦታ ነበር። እንግሊዝ የምታስበው ስለ ስዊዝ ቦይ ነው። ፈረንሳይ ስለ ቱኒዚያና ስለ አልጄሪያ ትጨነቃለች። ሶቪየት በሜዲትራኒያን ላይ ወደብ ትፈልጋለች፤ ቆይቶ ደግሞ የጣሊያን ምርጫ ያሳስባታል። አሜሪካ መጀመሪያ የጠራ አቋም አልነበራትም። በኋላ ግን ሶቪየት አፍሪካ ውስጥ እንዳትገባ መከላከል ዋና ጉዳይዋ ሆነ። ይህን ከያዝን ቀሪው ታሪክ ግልጽ ይሆናል። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገሩ የሚጀምረው ጦርነቱ ከማለቁ አራት ዓመት በፊት ነው። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 5 ቀን 1941። ለእኛ የድል በዓል ነው። ለእንግሊዝ ጦር ሹማምንት ግን ሕጋዊ ጣጣ ይዞ መጣ። እንግሊዝ ሙሶሊኒን ከሂትለር ለመነጠል ብላ በ1938 ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን በይፋ ተቀብላ ነበር። ስለዚህ በጦሩ መዝገብ ኢትዮጵያ የተጻፈችው ነፃ እንደወጣች አገር ሳይሆን "የተያዘ የጠላት ግዛት" ተብላ ነው።

ለንደን ውስጥም አንድ አቋም አልነበረም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንቶኒ ኢደን በፌብሩዋሪ 1941 ለፓርላማው ሲናገር፣ ነፃ ኢትዮጵያ ዳግም ብትቆም መንግሥቱ ደስ እንደሚለው ገልጾ ነበር። መሬት ላይ የነበሩት መኮንኖች ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ጃንሆይ በገቡ በሳምንቱ ሰባት ሚኒስትሮች ሾሙ። ወዲያው ብርጋዴር ሞሪስ ለሽ የሚባለው የእንግሊዝ ሹም ተቃወመ። ከጣሊያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ ሙሉ ሥልጣናቸውን ሊይዙ አይችሉም የሚል ነበር ክርክሩ። የሰላም ውሉ የተፈረመው በ1947 ነው። በዚያ ሒሳብ ቢኬድ ኖሮ ኢትዮጵያ ስድስት ዓመት ሙሉ በራሷ አገር ሚኒስትር መሾም አትችልም ነበር።

የጃንዋሪ 31 ቀን 1942 ስምምነት የዚህ ፍጥጫ ውጤት ነው። እንግሊዝ የኢትዮጵያን ነፃነት አረጋገጠች። ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ልትሰጥም ተስማማች። ዋጋውስ? አዲስ አበባ ያለው የእንግሊዝ ሚኒስትር ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቅድሚያ እንዲኖረው ተደረገ። የምድር ባቡሩ በእንግሊዝ ጦር እጅ ቆየ። ኦጋዴን፣ እንዲሁም "የተከለለ ቦታ" የተባለው የድንበር አካባቢ፣ ሐውድ የሚባለውን የግጦሽ ምድር ጨምሮ፣ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ሆነ። ጃንሆይ ይህን መፈረማቸውን የሚነቅፉ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ አልነቅፋቸውም። ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበር፤ የተደራጀ ጦር የለም፤ አገሩ በሙሉ በእንግሊዝ ወታደር ተሞልቷል። በዚያ ሁኔታ ነፃነትን በወረቀት ማስጻፍ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለት ዓመት አለፈ። ኢትዮጵያ ስምምነቱ እንዲቀየር ጠየቀች። ሎርድ ደ ላ ዋር የተባለ መልእክተኛ ከለንደን መጥቶ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከመኰንን እንዳልካቸው ጋር ለረጅም ጊዜ ተደራደረ። ዲሴምበር 19 ቀን 1944 አዲስ ውል ተፈረመ። የምድር ባቡሩ ተመለሰ። የእንግሊዙ ሚኒስትር ቅድሚያ ቀረ። ኦጋዴንና የተከለለው ቦታ ግን አልተመለሱም። እዚህ ላይ የተጻፈው ምክንያት ልብ ሊባል ይገባል፦ ኢትዮጵያ እንደ አጋር ለጦርነቱ መሳካት አስተዋጽኦ እንድታደርግ ነው ይላል። በዚያን ጊዜ እኮ አፍሪካ ውስጥ ውጊያ የለም። ጦርነቱ ራይን ወንዝ አጠገብና ፊሊፒንስ ላይ ነው። የኦጋዴን መሬት በእንግሊዝ እጅ መቆየቱ ሂትለርን ለማሸነፍ ምን እንደሚረዳ የገለጸ ሰው የለም።

እውነተኛው ምክንያት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የአስተዳደር ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ ሶማሌላንድ ሥር የነበሩ የሶማሌ ከብት አርቢዎች በዝናቡ ወቅት ግጦሽ ፍለጋ ወደ ሐውድ ይሻገራሉ። ድንበሩ በመካከላቸው ማለፉ ለአርቢዎቹም ለአስተዳዳሪዎቹም እውነተኛ ችግር ነበር፤ ይህን ሰበብ ብቻ ነው ብዬ አልተወውም። ሁለተኛው ግን ፖለቲካ ነው። የጦርነቱ ማብቂያ ሲቃረብ ለንደን ውስጥ የሶማሌን ምድር በሙሉ በአንድ አስተዳደር፣ በእንግሊዝ ሥር፣ የማሰባሰብ ሐሳብ እየጎላ መጣ። ኦጋዴን ከተመለሰ ያ ሐሳብ ይፈርሳል።

ኢትዮጵያ ታዲያ ሌላ ወዳጅ መፈለግ ነበረባት። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945 ጃንሆይ ስዊዝ ቦይ ላይ፣ መራራ ሐይቅ በሚባለው ቦታ፣ ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። ሩዝቬልት ከያልታ ጉባኤ ሲመለስ ነው። በዚያው ቀን የግብፁን ንጉሥ ፋሩክን፣ በማግስቱ ደግሞ የሳዑዲውን ንጉሥ ኢብን ሳዑድን አነጋግሯል። ጃንሆይ ያቀረቡት ጥያቄ የባሕር በር፣ ኤርትራና ኦጋዴን ነበር። ቸርችል ስለዚህ ዕቅድ የሰማው ያልታ ላይ ነው፤ ሰምቶም አላረፈም። በቀናት ውስጥ እሱም ወደ ግብፅ መጥቶ ሦስቱንም ነገሥታት በየተራ አነጋገረ። አንድ ጦርነት አብረው የሚዋጉ ሁለት መሪዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ አንድ ዓይነት እንግዳ ማነጋገራቸው የነበረውን መተማመን ያሳያል። ሩዝቬልት ግን ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 12 ቀን፣ ሞተ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሰዎች በመራራ ሐይቅ ንግግር አልታሰሩም።

አሁን ወደ ዋናው ድርድር እንምጣ። በ1945 ክረምት ጀርመን ውስጥ ፖትስዳም ላይ በተደረገው የአሸናፊዎቹ ጉባኤ ስታሊን የጣሊያን ቅኝ ግዛቶችን ጉዳይ አነሣ። ሶቪየት ከነሱ በአንዱ ላይ ሞግዚት መሆን፣ ማለትም ነፃ እስኪወጣ ማስተዳደር፣ ትፈልጋለች አለ። ቸርችል ደነገጠ፤ ሶቪየት በአፍሪካ ባሕር ዳርቻ መሬት ትጠይቃለች ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ጉዳዩ ለአሸናፊዎቹ መንግሥታት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ተመራ።

ምክር ቤቱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1945 ለንደን ላይ ተቀመጠ። የሶቪየቱ ሞሎቶቭ ፊት ለፊት መጣ፦ ትሪፖሊታኒያ፣ የሊቢያ ምዕራባዊ ክፍል፣ ለአሥር ዓመት በሶቪየት ሞግዚትነት ትሁን። ምክንያቱን ሲያቀርብ ባዶ እጁን አልነበረም። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በሳን ፍራንሲስኮ ጉባኤ ጊዜ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ስቴቲኒየስ ለሶቪየቱ ዲፕሎማት ለግሮሚኮ ደብዳቤ ጽፎለት ነበር። ደብዳቤው ሶቪየት ሞግዚት አስተዳዳሪ ለመሆን ብቁ መሆኗን አሜሪካ በመርህ ደረጃ እንደምትደግፍ ይገልጻል። በጊዜው እንደ ቀላል መልካም ቃል ታይቶ ይሆናል። ሞሎቶቭ ግን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

የእንግሊዙ ኤርነስት ቤቪን ይህን ፈጽሞ አልተቀበለም። ሜዲትራኒያን ማለት ለእንግሊዝ የሕንድና የነዳጅ መንገድ ነው። የአሜሪካው በርንስ መካከለኛ ሐሳብ አመጣ፦ ግዛቶቹ በተባበሩት መንግሥታት የጋራ ሞግዚትነት ይቆዩ፣ ሊቢያ ከአሥር ዓመት በኋላ ነፃ ትውጣ፣ ለኢትዮጵያ ደግሞ በአሰብ በኩል የባሕር በር ይሰጣት። የፈረንሳዩ ቢዶ ሐሳብ ሌላ ነው። ቅኝ ግዛቶቹን ጣሊያን ራሷ በሞግዚትነት ታስተዳድር አለ። ይህን ያለው ለጣሊያን አዝኖ አይደለም። ሊቢያ ነፃ ከወጣች ቱኒዚያና አልጄሪያ "እኛስ?" ማለታቸው የማይቀር ነው።

እንግሊዝ ላይ ደግሞ የቆየ ቃል አለ። ጃንዋሪ 1942 ላይ ኢደን በምሥራቅ ሊቢያ ያሉት የቂሬናይካ ሰኑሲዎች (የእስልምና ሃይማኖታዊ ማኅበር ተከታዮች) ከእንግሊዝ ጎን በመሰለፋቸው ወደ ጣሊያን አገዛዝ ፈጽሞ እንደማይመለሱ ቃል ገብቶላቸው ነበር። ስለዚህ የፈረንሳይን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ መቀበል አትችልም። እንግዲህ ተመልከቱ። አራት መንግሥታት፣ አራት መፍትሔ። አራቱም የየራሳቸውን ሕመም የሚያክሙበት ነው። የለንደኑ ስብሰባ ኦክቶበር 2 ቀን የጋራ መግለጫ እንኳ ሳይወጣ ተበተነ። የተበተነበት ቀጥተኛ ምክንያትም ቅኝ ግዛቶቹ አልነበሩም። ፈረንሳይና ቻይና በባልካን አገሮች የሰላም ውል ውይይት ይካፈሉ ወይስ አይካፈሉ በሚል ጠብ ነው።

በ1946 ቤቪን የሶማሌን ሐሳብ በይፋ አወጣ። የእንግሊዝ ሶማሌላንድ፣ የጣሊያን ሶማሊያና ኦጋዴን በአንድ ሞግዚት አስተዳደር ሥር ይጣመሩ፤ ሞግዚቷም እንግሊዝ ትሁን። ሰኔ ላይ ለፓርላማው ሲያብራራ ስለ ሶማሌ አርቢዎች ሕይወት ተናገረ። ብዙ የሶማሌ ብሔርተኞች ሐሳቡን ወደዱት፤ ለነሱ የዘመናት ጥያቄ ስለሆነ የሚያስገርም አይደለም። ሞሎቶቭ ግን ይህ የእንግሊዝን ግዛት የማስፋት ዕቅድ ነው አለ። አሜሪካና ፈረንሳይም አልደገፉትም። ኢትዮጵያ የሉዓላዊነት ጥያቄ አድርጋ ታገለችው። ቤቪን ዕቅዱን ተወው። ዕቅዱ ከወደቀ በኋላ ኦጋዴንን ይዞ የመቆየት ምክንያት ተመነመነ። በ1948 አብዛኛው ኦጋዴን ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ሐውድና የተከለለው ቦታ ግን እስከ ፌብሩዋሪ 1955 ቆዩ። እነሱም የተመለሱት በኖቬምበር 1954 ሌላ ውል ተፈርሞ፣ የአርቢዎቹ የግጦሽ መብት ተጠብቆ ነው።

በጁላይ 1946 የፓሪስ የሰላም ጉባኤ ተከፈተ። ሃያ አንድ አገሮች ተገኙ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ናት። አክሊሉ ሀብተ ወልድ በዚህ መድረክና በኋላም በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያን ክርክር ከመሩት ዋነኛው ናቸው። "ኢትዮጵያ ድምፅ ነበራት ወይ?" ለሚል፣ መናገር ትችል ነበር፤ መወሰን ግን አትችልም። ጉባኤው አስተያየት ይሰጣል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት አራቱ ትልልቆች ናቸው። እንዲያም ሆኖ የኢትዮጵያ ልዑካን ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ብዙም የማያነሣው ድል ስለሆነ።

ከጣሊያን ጋር የተደረገው የሰላም ውል ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1947 ፓሪስ ላይ ተፈረመ። ጣሊያን በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ላይ ያላትን መብት ሁሉ ለቀቀች። ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነ። ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወዲህ የወሰደቻቸውን የጥበብ ሥራዎች፣ የሃይማኖት ዕቃዎችና መዛግብት በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ እንድትመልስ ተጻፈ። የአክሱም ሐውልት እስከ 2005 መቆየቱ ሌላ ታሪክ ነው፤ ግዴታው ግን የተጻፈው ያኔ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው አንቀጽ 38 ነው። ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸመችው ድርጊት ያለባት ኃላፊነት የሚቆጠረው ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ጀምሮ ነው ይላል።

ይህ ቀን ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ለትልልቆቹ መንግሥታት ጦርነቱ የተጀመረው በ1939 ነው። ከዚያ በፊት የተደረገው "የቅኝ ግዛት ጉዳይ" ነው። በዚያ አቆጣጠር ቢኬድ የማይጨው ጦርነት፣ የመርዝ ጋዙ፣ የየካቲት 12 እልቂት ሁሉ ከሒሳቡ ይወጣሉ። አንቀጽ 38 ይህን በዓለም አቀፍ ውል ላይ ሰበረው። የተባበሩት መንግሥታት ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው አንዲት ደሃ የአፍሪካ አገር ይህን ማስጻፏን ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ የባዶሊዮ ጥያቄ ይመጣል። ከ1935 መጨረሻ ጀምሮ በሰሜን ግንባር የጣሊያንን ጦር የመራው እሱ ነው። የመርዝ ጋዝ የተረጨው በሱ አዛዥነት ጊዜ ነው፤ የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ራሱ በ1996 ጋዙን መጠቀማቸውን አምኗል። ሙሶሊኒ በጁላይ 1943 ሲወርድ ግን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ባዶሊዮ ነው። በሴፕቴምበር ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ወገን ጋር የተኩስ ማቆም ስምምነት የፈረመው የሱ መንግሥት ነው። ኦክቶበር 13 ቀን ደግሞ በጀርመን ላይ ጦርነት አወጀ። በአንድ ቀን ከጠላትነት ወደ ተባባሪነት ተሻገረ። ሶቪየት በማርች 1944 ለንደንንና ዋሽንግተንን ሳታማክር ከባዶሊዮ መንግሥት ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት ጀመረች፤ ሁለቱም ተቆጡ። ሁሉም የሚሽቀዳደመው ጣሊያንን ለመያዝ ነው። በዚያ እሽቅድምድም መሐል የተምቤንና የሸረ ሙታንን የሚያስታውስ አልነበረም።

የጦር ወንጀል ለመመርመር በ1943 በለንደን የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ኢትዮጵያን አባል አላደረገም። እንግሊዝ ከ1939 በፊት የተፈጸመውን ጉዳይ ማንሣት አልፈለገችም። ኢትዮጵያ ግን አልተወችውም። በ1948 የአሥር ሰዎች ስም አቀረበች፤ ባዶሊዮና ሌላው የጣሊያን ጦር አዛዥ ግራዚያኒ ይገኙበታል። ኮሚሽኑ በነዚህ ሁለቱ ላይ ክስ የሚያስመሠርት ማስረጃ እንዳለ ተቀበለ። የሰላም ውሉ ጣሊያን የጦር ወንጀለኞችን አሳልፋ እንድትሰጥ ያስገድዳል። ሕጉ ተሟልቷል ማለት ነው። የጎደለው የሚያስፈጽም መንግሥት ነው። ለንደንም ዋሽንግተንም ጣሊያን በኮሚኒስቶች እጅ እንዳትወድቅ በሚጨነቁበት ሰዓት ባዶሊዮን በካቴና ወደ አዲስ አበባ የሚልክ አልተገኘም። በኔ ግምት ኢትዮጵያም ቀስ ብላ ያለዘበችው ለዚሁ ነው፤ በዚያው ሰሞን በኤርትራ ጉዳይ የነዚሁ መንግሥታት ድጋፍ ያስፈልጋት ነበር። ግራዚያኒን በ1950 የፈረደበት የጣሊያን ወታደራዊ ፍርድ ቤት ነው። ክሱም ከጀርመኖች ጋር መተባበሩ እንጂ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው አልነበረም። 19 ዓመት ተፈርዶበት በወራት ውስጥ ተለቀቀ። ባዶሊዮ ጭራሹን አልተከሰሰም፤ በ1956 በትውልድ መንደሩ ሞተ።

ወደ ግዛቶቹ እንመለስ። የሰላም ውሉ ጣሊያን መብቷን ትለቃለች አለ እንጂ ለማን እንደሚሰጡ አልወሰነም። አራቱ መንግሥታት ውሉ ከጸና በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተስማሙ ጉዳዩ ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ይተላለፋል፤ እነሱም የጉባኤውን ውሳኔ ይቀበላሉ ተባለ። ጉባኤው በተለምዶ የሚያወጣው ምክር ነው፤ ማንንም አያስገድድም። እዚህ ግን አራቱ ኃያላን አስቀድመው ራሳቸውን አሰሩ። መስማማት እንደማይችሉ ቀድመው የገባቸው ይመስለኛል።

በኖቬምበር 1947 የአራቱ መንግሥታት መርማሪ ቡድን አስመራ ገባ። የኤርትራ ፓርቲዎችን ሁሉ ሰማ። የአንድነት ፓርቲው ከኢትዮጵያ ጋር መዋሐድን ይፈልጋል። የእስልምና ማኅበሩና ሌሎች ነፃነትን ይጠይቃሉ። ለጣሊያን የሚያደሉም ነበሩ። ቡድኑ ሲመለስ ሕዝቡ ምን እንደሚፈልግ እንኳ አንድ ዓይነት ሪፖርት መጻፍ አልቻለም። እያንዳንዱ መንግሥት የሰማው መንግሥቱ ሊሰማ የሚፈልገውን ነው።

በዚያው ሰሞን የጣሊያን ምርጫ ደረሰ። ኤፕሪል 18 ቀን 1948 ነው። የቶሊያቲ ኮሚኒስት ፓርቲ ሊያሸንፍ ይችላል የሚል ሥጋት ምዕራቡን ይዞታል። በፌብሩዋሪ ሶቪየት ቅኝ ግዛቶቹ ሁሉ በጣሊያን ሞግዚትነት ሥር ይሁኑ አለች። ለቶሊያቲ ድምፅ ለማስገኘት ነው። ማርች 20 ቀን አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ በበኩላቸው በዩጎዝላቪያ ድንበር ያለችው የትሪየስቴ ከተማ ለጣሊያን ትመለስ የሚል መግለጫ አወጡ። እነሱም የፈለጉት የጣሊያንን መራጭ ነው። ኮሚኒስቶቹ ተሸነፉ። ምርጫው ባለፈ በአምስተኛው ወር፣ በሴፕቴምበር 1948፣ የሶቪየቱ ዲፕሎማት ቪሺንስኪ የአገሩን አቋም ገለበጠው፦ ግዛቶቹ በተባበሩት መንግሥታት ሞግዚትነት ሥር ይሁኑ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። የምጽዋ ዓሣ አስጋሪና የከረን ገበሬ ዕጣ የቦሎኛ መራጭ እንዴት ድምፅ እንደሚሰጥ በሚል ስሌት ይወጣና ይወርድ ነበር።

የአንድ ዓመቱ ጊዜ አለቀ። ጉዳዩ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ሄደ። በሜይ 1949 ቤቪን ከጣሊያኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከስፎርዛ ጋር ተስማምቶ አንድ ዕቅድ ይዞ መጣ። ሊቢያ ለሦስት ትከፈላለች፤ ቂሬናይካ ለእንግሊዝ፣ ፈዛን ለፈረንሳይ፣ ትሪፖሊታኒያ ለጣሊያን ሞግዚትነት። ሶማሊያም ለጣሊያን። ኤርትራ፣ ምዕራቡ ክፍል ለሱዳን ተቆርሶ፣ ቀሪው ለኢትዮጵያ። ትሪፖሊ ውስጥ ሕዝቡ ለተቃውሞ አደባባይ ወጣ።

አንቀጾቹ አንድ በአንድ ለድምፅ ቀረቡ። ኤርትራን ለኢትዮጵያ የሚሰጠው፣ ምዕራቡ ሲቀር፣ አለፈ። ትሪፖሊታኒያን ለጣሊያን የሚሰጠው አንቀጽ ግን 33 ድጋፍ፣ 17 ተቃውሞ፣ 8 ድምፀ ተአቅቦ አገኘ። ለሁለት ሦስተኛ አንድ ድምፅ ጎደለው። ያችን አንድ ድምፅ ያጎደለው የሄይቲው መልእክተኛ ኤሚል ሴን ሎ ነው። ከባርነት ራሷን ያወጣች አገር ልጅ አንድ የአፍሪካ አገር ተመልሶ ለቅኝ ገዢው እንዳይሰጥ እጁን ለተቃውሞ አነሣ። የጣሊያን ወዳጅ የሆኑት የላቲን አሜሪካ አገሮች ይህን ሲያዩ ድጋፋቸውን ነሱ። ጥቅሉ ውሳኔ በ37 ተቃውሞ ወደቀ። የኤርትራም አንቀጽ አብሮ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠን አለ። በኖቬምበር 1949 ጉባኤው ሊቢያ እስከ 1952 መግቢያ ነፃ ትውጣ፣ ሶማሊያ ለአሥር ዓመት በጣሊያን ሞግዚትነት ትቆይና ነፃነቷን ታግኝ ብሎ ወሰነ። ሊቢያ በዲሴምበር 1951 ነፃ ወጣች፤ ሶማሊያ በ1960። ኤርትራ ግን ለአጣሪ ኮሚሽን ተተወች። በርማ፣ ጓቲማላ፣ ኖርዌይ፣ ፓኪስታንና ደቡብ አፍሪካ አባል ሆኑ። አምስት ሆነው ሦስት የተለያየ ሐሳብ ይዘው ተመለሱ። ኖርዌይ ሙሉ ውሕደት አለች። በርማና ደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን አሉ። ጓቲማላና ፓኪስታን ከተባበሩት መንግሥታት ሞግዚትነት በኋላ ነፃነት አሉ።

በ1950 የኮሪያ ጦርነት ተነሣ። አሜሪካ ከ1943 ጀምሮ አስመራ ላይ የሬዲዮ ጣቢያ ይዛለች፤ ጣቢያው በወዳጅ መንግሥት እጅ እንዲሆን ትፈልጋለች። ኢትዮጵያ ደግሞ ለኮሪያ ጦር ልትልክ ተዘጋጅታለች። ዲሴምበር 2 ቀን 1950 ጉባኤው በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተአቅቦ ፌዴሬሽኑን አጸደቀ። ሶቪየት ተቃወመች፤ በዚህ ጊዜ አቋሟ ኤርትራ ወዲያው ነፃ ትውጣ የሚል ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ አራተኛው አቋሟ መሆኑ ነው።

ፌዴሬሽኑ የማንም የመጀመሪያ ምርጫ አልነበረም። ኢትዮጵያ ሙሉ ውሕደት ነበር የፈለገችው። የነፃነት ወገኖች ከነፃነት ያነሰ አልፈለጉም። ጣሊያን ተመልሳ መምጣት ነበር የምትሻው። በሐቀኝነት ቢጠበቅ ኖሮ የተሻለ ነገር ሊወጣው ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ። በሴፕቴምበር 1952 ተጀመረ፤ በ1962 በአዲስ አበባ ውሳኔ ፈረሰ። ያኔ ከአራቱ መንግሥታት አንዱም ቆሞ "ይህ እኛ የፈረምነው ነው" አላለም። የኤርትራ ሕዝብ ስለ ዕጣው በሕዝበ ውሳኔ የተጠየቀውም በአራቱ መንግሥታት ዘመን አልነበረም። በኤፕሪል 1993 ነው፤ ከሠላሳ ዓመት ጦርነት በኋላ።